ካፊያና ዶፍ፣ ሽውታና አውሎ ነፋስ፦ የመጠን ተዛምዶ ጥያቄ እንዴት ይፈታል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለአፕቲትዩድ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። አንድ መለማመጃ ላይ ‹ካፊያ ለዶፍ እንደሆነ ሽውታ ለ____› የሚል ጥያቄ ገጠማት። ምርጫዎቹ ሀ) ነፋስ ለ) አውሎ ነፋስ ሐ) ደመና መ) ቅዝቃዜ ናቸው። እሷ ‹ነፋስ› ብላ መለሰች። የመልስ ወረቀቱ ግን ‹ለ› ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ‹ነፋስ› ነበር የምለው። ስህተቱ የት ጋ ነው? እንዲህ ያለውን ጥያቄስ እንዴት ላስጠናት?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። መልሱ «አውሎ ነፋስ» ነው፤ የመልስ ወረቀቱ ልክ ነው። ልጅዎ ግን እንዲያው በግምት የመለሰች አይመስለኝም። ሽውታና ነፋስ መዛመዳቸውን አይታለች። መዛመዳቸውም እውነት ነው። ችግሩ የተጠየቀው ሌላ ዓይነት ዝምድና መሆኑ ነው። ጥያቄ አዘጋጆች «ነፋስ»ን ከምርጫዎቹ መሐል የምናስገባው፣ ያውም መጀመሪያ ላይ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ የሚቆም ተማሪ እዚያ ላይ እንዲያርፍ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ጥንድ እንነሳ። ካፊያ ምንድን ነው? ዝናብ ነው፤ ግን ደካማ። ዶፍስ? እሱም ዝናብ ነው፤ ግን ብርቱ። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኘው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ካፊያ በጣም ደካማ ዝናብ ነው፤ ዶፍ በጣም ብርቱ ዝናብ ነው።» አሁን ዓረፍተ ነገሩን ሳይነኩ ቃላቱን ብቻ ይቀይሩ፦ «ሽውታ በጣም ደካማ ነፋስ ነው፤ ____ በጣም ብርቱ ነፋስ ነው።» ባዶው ቦታ ላይ «ነፋስ»ን ያስገቡ። «ነፋስ በጣም ብርቱ ነፋስ ነው» ይላል። አያስኬድም። «ደመና» እና «ቅዝቃዜ» ደግሞ ጭራሽ አይገቡም። «አውሎ ነፋስ» ሲገባ ቁጭ ይላል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ዝናብ» የሚለው ቃል ጥያቄው ውስጥ የለም። ሁለቱን ቃላት የሚያገናኛቸው ግን እሱ ነው። ካፊያም ዶፍም የዝናብ መሰላል ላይ ያሉ ደረጃዎች ናቸው፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። በሁለተኛው ጥንድ ውስጥ የዝናብን ቦታ የሚይዘው ነፋስ ነው። ልጅዎ ያደረገችው እንግዲህ ይህ ነው፦ የመሰላሉን ደረጃ ስትጠየቅ የመሰላሉን ስም ተናገረች። ጥያቄው «ካፊያ ለዝናብ እንደሆነ ሽውታ ለ____» ቢሆን ኖሮ «ነፋስ» ያለ ክርክር ማርክ ያገኛል። ይህንን በደንብ ያስረዷት። «ተሳስተሻል» ብቻ ከሚሏት «ላልተጠየቀ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጠሽ» ቢሏት ይበልጥ ትማርበታለች።

አጻጻፉም የራሱ ጣጣ አለው። በመለማመጃዎች ላይ ጥያቄው ብዙ ጊዜ በነጥብ ነው የሚጻፈው፦ ካፊያ : ዶፍ :: ሽውታ : ____ ። ሁለቱ ነጥብ «ለ» ተብሎ ይነበባል፤ አራቱ ነጥብ «እንደሆነ» ተብሎ። ለኛ ግን አራት ነጥብ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ነው። አንዳንድ ልጆች ዶፍ ላይ ሲደርሱ ሐሳቡ ያለቀ ይመስላቸውና «ሽውታ»ን እንደ አዲስ ነገር ይጀምሩታል። የመጀመሪያው ጥንድ ከተረሳ ደግሞ ለሽውታ የሚቀርበው ቃል «ነፋስ» ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጥያቄውን ነጥቦቹን በቃል እየተካች ድምፅ አውጥታ ታንብበው። ፈተና ክፍል ውስጥ ደግሞ በልቧ ትበለው።

የጥያቄው ዘር ከሒሳብ ንፅፅር ነው። 2 ለ4 እንደሆነ 3 ለ6 ነው። ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ግን አንድ ነው። አርስቶትል ይህንኑ ወደ ቃላት አምጥቶ «ምሽት ለቀን እንደሆነ እርጅና ለሕይወት ነው» የሚል ምሳሌ ሰጥቷል። የአርስቶትል ምሳሌ ግን የመጠን አይደለም። ምሽት የበረታ ቀን አይደለም፤ የቀኑ መጨረሻ ነው። ተዛምዶ ሁሉ የመጠን ተዛምዶ አይደለምና ልጅዎ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ይህ የትኛው ዓይነት ዝምድና ነው?» ብላ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ዘለው «የትኛው ቃል ይቀራረባል?» ወደሚለው ይሮጣሉ።

የመጠን መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚታዩት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነገር ምንድን ነው? ዝናብ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ሙቀት ነው? ሁለተኛው አቅጣጫው ነው። ከደካማ ወደ ብርቱ ነው የሚሄደው ወይስ ከብርቱ ወደ ደካማ? «ዶፍ ለካፊያ እንደሆነ አውሎ ነፋስ ለ____» ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ ሽውታ ነው። ምርጫው ውስጥ የባሰ ኃይለኛ ነፋስ ቢኖርም አያታልላት። ሦስተኛው ርቀቱ ነው። ከካፊያ እስከ ዶፍ ከታች ጫፍ እስከ ላይ ጫፍ ነው። ሌላውም ጥንድ ያንኑ ያህል መራራቅ አለበት። እኔ ከሦስቱ በጣም የምጨነቅበት ርቀቱ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ማርክ የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። የሚጨምረውንም ነገር አቅጣጫውንም አግኝቶ ከሁለት ተቀራራቢ ምርጫዎች መሐል አጭሩን እርምጃ ይመርጣል።

የአየር ሁኔታ ቃላት ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚመረጡት በምክንያት ነው። ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፣ ደግሞም በእርግጥ ደረጃ አላቸው። ዶፍ ያልመታው፣ ካፊያ ያላበሰበሰው ሰው የለም። ከዚህም አልፎ ሳይንሱ ራሱ በደረጃ ነው የሚለካቸው።

የነፋሱን ላንሳ። ፍራንሲስ ቦፎርት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1805 ነፋስን ከ0 እስከ 12 በደረጃ አስቀመጠ። የሚደንቀው መጀመሪያ ላይ በፍጥነት መለኪያ አለመሥራቱ ነው። ነፋሱ መርከቧንና ሸራዋን ምን እንደሚያደርጋት ነበር የሚያየው። በኋላ ለየብስም ምልክት ወጣለት። 0 ላይ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። 2 ላይ ነፋሱ ፊት ላይ ይሰማል፣ ቅጠልም ይንሿሿል። 4 ላይ አቧራና ወረቀት ይነሳል። 6 ላይ ጃንጥላ መያዝ ያስቸግራል። 8 ላይ ቀንበጥ ከዛፍ ይቀነጠሳል፤ ወደፊት መራመድም ይከብዳል። 10 ላይ ዛፍ ከነሥሩ ይነቀላል። 12 የመጨረሻው ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 118 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ይህንን ለልጅዎ በዝርዝር ይንገሯት። ሽውታ 2 አካባቢ ያለው፣ ፊት ዳሰስ አድርጎ የሚያልፈው ነው። ዛፍ የሚነቅለው ደግሞ የመሰላሉ ጫፍ ላይ ነው። «ነፋስ» ግን ቁጥር የለውም፤ ከ1 እስከ 12 ያለው ሁሉ ነፋስ ነው።

ዝናብም እንዲሁ ይለካል። የካፊያ ጠብታ ደቃቅ ነው፤ በሜትዎሮሎጂ ቋንቋ ስፋቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። በሰዓት ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች የሚጥል ዝናብ ቀላል ይባላል። ከ10 በላይ ከሆነ ከባድ፣ ከ50 ካለፈ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ዶፉን ሲያወርደው መንገዱ በደቂቃዎች ውስጥ ወንዝ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሲያካፋ የዋለ ቀን ግን ማታ ላይ ሲደመር የወረደው ውሃ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ካፊያንና ዶፍን የሚለያቸው በአንድ ጊዜ የሚወርደው ብርታት ነው፤ የቆይታው ርዝመት አይደለም። አንዳንድ ተማሪ «ዶፍ ብዙ ሰዓት የሚዘንብ ነው» ብሎ ይጀምርና ዓረፍተ ነገሩ ከመነሻው ይበላሽበታል።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ እንግባ። ከሁሉ የከፋው ምክንያትና ውጤትን እንደ መጠን ማየት ነው። «ዶፍ : ጎርፍ» ሲባል ብዙ ሰው ዝናቡ የጨመረ ይመስለዋል። ጎርፍ ግን የበረታ ዶፍ አይደለም። ዶፍ ከሰማይ የሚወርድ ነው፤ ጎርፍ መሬት ላይ የሚሄድ ውሃ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታውን ጎርፍ እናስታውስ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት ውሃ በአብዛኛው የመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋዎች ላይ ከዘነበው ዝናብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ በሚታየው በደቻቱ ወንዝ በኩል ከተማው ላይ ደረሰ። ዶፉ አንድ ቦታ፣ ጎርፉ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የአንድ መሰላል ደረጃዎች ቢሆኑ እንዲህ ሊለያዩ አይችሉም ነበር። መብረቅና ነጎድጓድም ያው ናቸው። መብረቁ አየሩን ወደ 30 ሺህ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያሞቀዋል፤ አየሩ በድንገት ሲለጠጥ የሚወጣው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። አንዱ የሌላው ልጅ ነው እንጂ የሌላው ብርታት አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ዓይነትን እንደ መጠን መቁጠር ነው። ወጨፎን ያስቡ። ወጨፎ ነፋስ እየገፋው በአግድም የሚመጣ ዝናብ ነው። በረንዳ ላይ ቆመው፣ ጣራ ከላይዎ እያለ፣ ሱሪዎን እስከ ጉልበት የሚያርሰው እሱ ነው። ከካፊያ ይብሳል? ከዶፍ ያንሳል? ጥያቄው ራሱ አይሠራም። ወጨፎን ወጨፎ ያሰኘው አመጣጡ ነው፤ መጠኑ አይደለም። ወበቅም እንደዚያው ነው። ወበቅ ከሐሩር የበለጠ ሙቀት አይደለም። እርጥበት ያለበት፣ አየር የማይንቀሳቀስበት፣ ላብ የማይደርቅበት ሙቀት ነው። ጅቡቲ ወይም ጂዳ የኖረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ቴርሞሜትሩ ላይ ከአፋር በረሃ ያነሰ ቁጥር እያለ ሰውነት ግን የበለጠ ይጨነቃል። ስለዚህ «ሙቀት : ወበቅ»ን እንደ መጠን ጥንድ የሚያቀርብ ጥያቄ ካጋጠማት ጥያቄው ራሱ ደካማ ነው።

ከዓይነት ጋር የሚያያዝ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በእንግሊዝኛ መለማመጃዎች ላይ ይመጣል። ሀሪኬን፣ ታይፉንና ሳይክሎን አንድ ነገር ናቸው፤ ውቅያኖስ ላይ የሚነሳ ኃይለኛ ማዕበል። በአትላንቲክና በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ ሀሪኬን ይባላል፣ በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስና በደቡብ ፓስፊክ ሳይክሎን። እ.ኤ.አ. በ2018 ሶማሌላንድን መትቶ ዝናቡ ጅቡቲና የኛ ሶማሌ ክልል ድረስ የዘለቀው ሳጋር የተሰኘው ማዕበል «ሳይክሎን» የተባለው በቦታው ምክንያት ነው። ያው ማዕበል ካሪቢያን ላይ ቢነሳ ሀሪኬን በተባለ ነበር። ስለዚህ ታይፉን ከሀሪኬን ይበልጣል ወይም ያንሳል የሚል ግምት ውስጥ እንዳትገባ።

ሦስተኛው ተቃራኒ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ በአንድ ቴርሞሜትር ላይ ይለካሉ፤ ስለዚህ በሳይንስ ዓይን የአንድ ነገር መጠን ናቸው ማለት ይቻላል። በፈተና ላይ ግን ተቃራኒ ተብለው ነው የሚያዙት። የመጠን ጥንድ ከመሐሉ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይሄዳል። ለብ ካለ ወደ ሞቃት፣ ከሞቃት ወደሚያቃጥል። ወይም ቀዝቀዝ ካለ ወደ ቀዝቃዛ፣ ከቀዝቃዛ ወደሚያንዘፈዝፍ። መሐሉን ከተሻገሩ ዝምድናው ተለወጠ። ይህ የኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄ ሲዘጋጅ ሁለቱ እንደ ተለያየ የዝምድና ዓይነት ነው የሚመደቡት።

ደግሞ ደረጃቸው ያልተቆረጠ ቃላት አሉ። ጉምና ጭጋግን ለአሥር ሰው አቅርበው የትኛው ይብሳል ብለው ይጠይቁ። አንዱ ጉም ነው ይላል፣ ሌላው ጭጋግ። ሜትዎሮሎጂው ራሱ የሚለያቸው በእይታ ርቀት ነው፤ እይታ ከ1 ኪሎ ሜትር ሲያንስ በእንግሊዝኛ ፎግ (fog)፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ሚስት (mist) ይባላል። እንግሊዝኛ ላይ «ሚስት : ፎግ» የመጠን ጥንድ ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። በአማርኛ ግን ሕዝቡ ያልተስማማበትን ቅደም ተከተል ፈተና ላይ ማውጣት ተማሪን መበደል ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ መለማመጃ ላይ ካጋጠማችሁ ዝለሉት።

አሁን ስለ ራሱ ስለ አማርኛ አንድ ነገር ልበል፤ ልጅዎን በጣም ያግዛታልና። የመጠን ተዛምዶ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ቋንቋችን አንዱን ግንድ ይዞ ላላ ሲያደርገውና ሲያጠብቀው መጠኑን ይቀያይረዋል። «ጨለም አለ» ስንል ትንሽ መሸት ማለቱ ነው። «ጭልም አለ» ስንል ግን የፊታችን ሰው አይታየንም። «ደረቅ አለ» እና «ድርቅ አለ»ም እንዲሁ ናቸው። ገና በደንብ ያልደረቀ ልብስ ከገመድ ላይ አውርደው «ደረቅ ብሏል» ይሉታል፤ ፀሐይ ላይ የተረሳ እንጀራ ግን «ድርቅ ብሏል»። የመጀመሪያው ፊደል ግዕዝ ሲሆን ለስላሳው፣ ሳድስ ሲሆን ጽኑው ይወጣል። «ጨለም አለ ለጭልም አለ እንደሆነ ቀዝቀዝ አለ ለ____» ብለው ይጠይቋት። ሳታስበው «ቅዝቅዝ አለ» ትላለች። ያን ጊዜ «አየሽ፣ ይህንን ነው ፈተናው የሚጠይቅሽ» ይበሏት። በልጅነቷ ያለ አስተማሪ የያዘችውን ችሎታ ነው ወረቀት ላይ ያመጡት። እኔ ለተማሪ ከምሰጣቸው ምሳሌዎች ሁሉ ይህን ያህል ቶሎ የሚገባ አላየሁም።

እውነተኛው ፈተና ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ዘዴው ቢገባትም ቃሉን ካላወቀችው ዋጋ የለውም። ከደካማ ወደ ብርቱ፣ ለዝናብ ድሪዝል (ካፊያ)፣ ሻወር፣ ዳውንፖር (ዶፍ) ታጥና። ለነፋስ ብሪዝ (ሽውታ)፣ ጌል (ብርቱ ነፋስ)፣ ስቶርም፣ ሀሪኬን። ለበረዶ ፍለሪና ብሊዛርድ። ለደመና ክላውዲና ኦቨርካስት፤ ኦቨርካስት ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ሲሸፈን ነው። ለሙቀት ዋርም፣ ሆት፣ ስኮርቺንግ። ለቅዝቃዜ ኩል፣ ኮልድ፣ ፍሪጂድ። ከነዚህ ውስጥ ለኛ ልጆች በጣም የሚያስቸግረው የበረዶው ነው። እኛ ጋ ከሰማይ ጠጥሮ የሚወርደውም፣ ውሃ ሲረጋም፣ ፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ የሚነጠፈውም አንድ ስም ነው ያላቸው። እነሱ ጋ ሄይል፣ አይስና ስኖው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሄይል የበረታ ስኖው አይደለም፤ ዓይነቱ ሌላ ነው። ፍለሪና ብሊዛርድ ግን የስኖው መሰላል ላይ ናቸው። ፍለሪ ብን ብን ብሎ የሚያልፈው ነው። ብሊዛርድ ደግሞ በአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት ልኬት በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነፋስ ያለበት፣ ከ400 ሜትር በላይ የማያሳይ፣ ቢያንስ 3 ሰዓት የሚቆይ ነው።

ከጌልና ከሀሪኬን መሐል መምረጥ ካለባት ርቀቱን ታስብ። «ድሪዝል ለዳውንፖር እንደሆነ ብሪዝ ለ____» ከተባለና ሁለቱም ምርጫ ውስጥ ካሉ ጌል ይሻላል። ዳውንፖር ኃይለኛ ነው እንጂ አገር የሚያጠፋ መዓት አይደለም። ሀሪኬን ግን መዓት ነው። ደህና ጥያቄ አዘጋጅ ሁለቱን ባንድ ላይ አያስቀምጥም፤ ካስቀመጠ ግን ሚዛኑ ወደ ጌል ያደላል።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆችም ይህን ታነቡ ይሆናል። እዚያ ለኮሌጅ መግቢያ በሚሰጠው ኤስኤቲ ላይ እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2005 ቀርቷል፤ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ በሚሰጠው ጂአርኢ ላይም በ2011። ስለዚህ የቆየ መለማመጃ ገዝታችሁ ልጆቻችሁን በከንቱ አታድክሙ። አገር ቤት ላሉት ግን አሁንም ማጥናቱ ይጠቅማል።

ወደ ማስጠናቱ ልምጣ። ጥያቄ በላይ በላዩ ማሠራት ብዙም አይጠቅምም፤ ልጅቷ መልሱን መሸምደድ ትጀምራለች። ይልቅ አንድ ርዕስ ይስጧት፤ ለምሳሌ ቅዝቃዜ። የምታውቃቸውን ቃላት ሁሉ በትናንሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ከደካማ ወደ ብርቱ ትደርድር። የምትወዛገብበት ቃል ሲመጣ ነው ትምህርቱ ያለው። «ቆፈን»ን የት ታስቀምጠዋለች? ቆፈን ጣትን አልታዘዝ አሰኝቶ የሚያደነዝዘው ነው፤ ብርዱ በሰውነት ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። ስለዚህ ከድርድሩ ይወጣል ወይስ ይቀራል? ይከራከሩ። እኔ አወጣዋለሁ፤ እሷ ግን ምክንያት ካላት አይጫኗት።

ከዚያ የራሷን ጥያቄ ትሥራ። ትክክለኛውን መልስ ማዘጋጀት ቀላል ነው። የሚያስተምራት ሦስቱን የተሳሳቱ ምርጫዎች መሥራቱ ነው። አንደኛው የመሰላሉ ስም ይሁን፣ አንደኛው ውጤት ወይም ተቃራኒ፣ አንደኛው ደግሞ እንዲያው በርዕስ ብቻ የሚቀርብ። ወጥመድ መዘርጋት የተማረ ሰው ወጥመድ ለማየት ይፈጥናል። ሁለታችሁ እየተቀያየራችሁ ብትጠያየቁ ደግሞ ይበልጥ ይጥማል። እርስዎም «ነፋስ» ነበር የምለው ብለዋልና አብረዋት ይሥሩ።

እስከዚያው ለመጀመሪያ የሚሆኑ ጥቂት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ልተውላችሁ።

«ሙቀት ለሐሩር እንደሆነ ቅዝቃዜ ለ____፦ ጥላ፣ ቁር፣ ጋቢ፣ ወበቅ»። መልሱ ቁር ነው። ሐሩር የጸና ሙቀት ነው፤ ቁር የጸና ቅዝቃዜ። ጋቢ የሚመርጥ ተማሪ ቅዝቃዜ ምን እንደሚያስለብስ አስቧል።

«ቆላ ለበረሃ እንደሆነ ደጋ ለ____፦ ወይና ደጋ፣ ተራራ፣ ውርጭ፣ ገብስ»። ይህ ከጂኦግራፊ ክፍል የመጣ ነው። በትምህርት ቤት ከፍታው ከ500 ሜትር በታች ያለው በረሃ፣ እስከ 1,500 ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ተብሎ ይከፈላል። ከቆላ ወደ በረሃ አንድ እርምጃ ወደ ሙቀቱ ጫፍ ነው። ከደጋም አንድ እርምጃ ወደ ቅዝቃዜው ጫፍ ሲኬድ ውርጭ ይመጣል። ወይና ደጋም የአንድ እርምጃ ርቀት ነው፤ ግን ወደ መሐል የሚመልስ ስለሆነ አቅጣጫው አይሆንም።

«ነጎድጓድ ለማጉረምረም እንደሆነ ጩኸት ለ____፦ ጆሮ፣ ዝምታ፣ ሹክሹክታ፣ ድምፅ»። እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥንድ ከአየር ሁኔታ ወጥቷል። ተማሪዎች የአየር ሁኔታ ቃል እየፈለጉ ይደናገጣሉ፤ ግን ግዴታ የለም። መጀመሪያ ብርቱው ነው የተጠራው፤ የሰማዩ ኃይለኛ ድምፅ፣ ቀጥሎ የሰማዩ ደካማ ድምፅ። ስለዚህ ከጩኸት በኋላ የሰው ደካማ ድምፅ ይመጣል፤ ሹክሹክታ። «ድምፅ» እዚህ የመሰላሉ ስም ነው። ዝምታ ደግሞ ደካማ ድምፅ አይደለም፤ የድምፅ አለመኖር ነው።

የመጨረሻው ሆን ተብሎ የተቀየረ ነው። «ዶፍ ለጎርፍ እንደሆነ መብረቅ ለ____፦ ብልጭታ፣ ነጎድጓድ፣ ደመና፣ ካፊያ»። የመጠን ጥያቄ ለምዳ ከመጣች «ብልጭታ» ልትል ትችላለች፤ ብልጭታ ደካማው፣ መብረቅ ብርቱው ብላ። ግን ዶፍ ጎርፍን ያመጣል፤ መብረቅም ነጎድጓድን ያመጣል። መልሱ ነጎድጓድ ነው። «ደመና» ካለች ደግሞ ምክንያትና ውጤት መሆኑን አግኝታለች፤ የገለበጠችው አቅጣጫውን ብቻ ነው፤ ደመና የመብረቅ መነሻ እንጂ ውጤቱ አይደለም።